አሰላና የአርሲ ደጋ፤ ምድሩ፥ ታሪኩና ሀብቱ

የከተማ ሰው እህልን የሚያውቀው ከመሶቡና ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ፥ ይኸውም ከወፍጮው ወደ ነጋዴው መጋዘን፥ ከመጋዘኑም ወደ አውድማው የሚወስደውን፥ ብዙ ጊዜ አይከተለውም። በመሥሪያ ቤት የሚውለው ሰው ስለ ስንዴ ዋጋ መወደድ ሲያማርር ይሰማል፤ ስንዴው የበቀለበት ምድር ግን ለእርሱ የካርታ ላይ ስም ሆኖ ይቀራል። በዛሬው ንግግራችን ይህን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለን፥ ከአገራችን ዋና ዋና የእህል ምድሮች ወደ አንዱ፥ ወደ አርሲ ደጋና ወደ ዋና ከተማው ወደ አሰላ እንወጣለን። የምድሩን አቀማመጥ፥ የሕዝቡን ታሪክና የሀብቱን ምንጭ በየተራ እየተመለከትን ስንሄድ አንድ ጥያቄ አብሮን ይጓዛል፤ እርሱም፥ ምድሪቱ ይህን ያህል ለም ስትሆን ከልምላሜዋ ለአራሹ የደረሰው ስንት ነው? የሚል ነው።

የምድሩ አቀማመጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዳማ የደረሰ መንገደኛ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ የአዋሽን ወንዝ ይሻገርና ዴራን አልፎ ሽቅቡን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሸለቆው ሙቀት እየበረደ፥ የግራሩ ቁጥቋጦ እየሳሳ፥ በምትኩም የእርሻ ማሳው እየሰፋ ይሄዳል። ኢተያንና ቁሉምሳን ካለፈ በኋላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን አሰላን ያገኛል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ ተመሥርታለች። ሰማዩ ጠርቶ በዋለ ቀን ከዚህ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ስምጥ ሸለቆውንና የዝዋይን ሐይቅ ያያል፤ ወደ ምሥራቅ ፊቱን ሲመልስ ደግሞ ጭላሎ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጭላሎ ብቻውን አይደለም። ባዳና ካካ የሚባሉት ተራሮች እንደ እርሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሲሆኑ፥ የጋላማ ሰንሰለትም ከእነርሱ ጋር ተያይዞ የአርሲን ደጋ እንደ አከርካሪ አጥንት ይዞታል። እነዚህ ተራሮች በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው፤ አገሩን ለእህል የተመቸ ያደረገውም ከዚያ ድንጋይ በረዥም ዘመን ተፈርፍሮ የተገኘው አፈር ነው። በተራሮቹ አናት ላይ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ። በዚሁ ብርዳም ቦታ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን ይኖራል። ይህን እንስሳ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ገድሎ ቆዳውንና ቀንዱን ወደ አገሩ ከወሰደ በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት «አዲስ የተገኘ እንስሳ» ብለው ጻፉለት። የአርሲ ሰው ግን ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር። ዛሬ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተባለው ክልል ለዚህ እንስሳና ለመኖሪያው ጥበቃ ሲባል ተከልሏል።

ከደጋው የሚወርደው ውሃ በሦስት ወገን ይከፈላል። በምዕራብ በኩል የካታር ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በሰሜን በኩል የቀለጣ ወንዝ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከብዙ ጉዞ በኋላ በአፋር በረሃ ይቀራል። በደቡብና በምሥራቅ ያለው ውሃ ደግሞ ዋቢ ሸበሌን ይመግባል፤ ይህ ወንዝ አርሲንና ባሌን ለይቶ፥ ኦጋዴንን አቋርጦ እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኀይል ያለው የመልካ ዋከና የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ ወንዝ ነው። እንግዲህ በጋላማ ላይ የወረደ አንድ ዝናብ የዝዋይን ዓሣ አጥማጅ፥ የአዋሽን አትክልተኛና የሸበሌን ከብት አርቢ ያገለግላል ማለት ነው። በደጋው ላይ ዛፍ ሲጨፈጨፍና አፈር ሲሸረሸር ጉዳቱ ለአርሲ ብቻ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

አየሩም እንደ ከፍታው ይለያያል። በቦቆጂና በመራሮ አካባቢ ባለው ደጋ ገብስ፥ ባቄላ፥ አተርና ተልባ ይበቅላሉ፤ በወይናደጋው ስንዴና ጤፍ፥ ዝቅ ባለው ቆላ ደግሞ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ። በምሥራቅ በኩል በጎሎልቻና በጮሌ ቡና ይለማል። በአዋሽ ዳር በመርቲ በመስኖ የሚመረተው ቲማቲም በቆርቆሮ ታሽጎ ለብዙ ዓመታት በየከተማው ጓዳ ገብቷል።

የሕዝቡ ጥንታዊ ኑሮ

በድሮ መጻሕፍት «አሩሲ» እየተባለ ይጻፍ የነበረው አርሲ የምድር ስም ብቻ ሳይሆን የሕዝብም ስም ነው። የአርሲ ሕዝብ ከኦሮሞ ሕዝብ ታላላቅ ነገዶች አንዱ ሲሆን፥ ሲኮና መንዶ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ትውልዱን ይቈጥራል። የሚተዳደረውም በገዳ ሥርዓት ነበር። በዚህ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ የገዳ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ሕግ በጉባኤ ይወጣል፤ ጠብም በሽማግሌዎች ይዳኛል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል።

የሴቶቹን ክብር የሚጠብቅ ሥርዓትም አለ። አንዲት ሴት ስታገባ ሲንቄ የምትባል ዘንግ ይሰጣታል። ባል ሚስቱን ከሥርዓት ውጭ የበደለ እንደ ሆነ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ በዳዩም ካሣ ሳይከፍልና ሳይታረቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ተጣልቶ ጦር ሲማዘዝም ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በመካከል ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት። ይህ ልማድ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል።

የጥንቱ የአርሲ ሰው ኑሮው በአብዛኛው በከብት ላይ የተመሠረተ ነበር። ሀብት የሚባለው በመንጋ ይቈጠር ነበር፤ ፈረስ የጦርነትም የክብርም መገለጫ ነበረ፤ በደጋውም ገብስ ይዘራ ነበር። መሬት የጐሣው ስለ ሆነ የሚሸጥና የሚለወጥ ዕቃ አልነበረም። ይህን ነገር ልብ ብለን መያዝ ይገባናል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ በዚሁ ላይ ይዞራልና።

ከዘመቻው እስከ ጠቅላይ ግዛቱ

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከ1874 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአርሲ ላይ በተከታታይ ዘመቻ አደረጉ። አርሲዎች በቀላሉ አልተበገሩም፤ ለአምስት ዓመት ያህል በብርቱ ተከላከሉ። ሆኖም በጦርና በጋሻ፥ በፈረስም ላይ ሆኖ የሚዋጋው ሠራዊት ከአውሮፓ የመጣ ጠመንጃ ከታጠቀው ጋር ሲገናኝ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ በአዙሌ በተደረገው ውጊያ እጅግ ብዙ አርሲ አለቀ። የዘመቻው አዛዥ የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ አገሩንም እንዲገዙ የተሾሙት እርሳቸው ናቸው። ከአዙሌ ቀጥሎ በአኖሌ የወንዶች ቀኝ እጅና የሴቶች ጡት እንደ ተቆረጠ በአርሲ ሕዝብ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ታሪክ ጸሐፊዎች በነገሩ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ፤ በሂጦሳ ወረዳ በአኖሌ ግን በ2006 ዓ.ም. የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞ ተመርቋል። ስለ አርሲ የሚናገር ሰው የስንዴውን ብዛት አውስቶ ይህን ሐዘን ቢዘል ነገሩን ግማሽ አድርጎ መናገሩ ነው።

ድሉን የተከተለው የመሬት ድልድል ነው። መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደሩ፥ ለሹማምንቱ፥ ለቤተ ክህነትና ለመንግሥት ተከፋፈለ፤ ለአካባቢው ባላባቶችም ድርሻ ተተወላቸው። አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ያህል ነው፤ ባለብዙ ጋሻ የሆነው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ከማሳው ርቆ ነበር። በዚያው መሬት ላይ ሲያሰማራ የኖረው ሰው ደግሞ ገባር፥ በኋላም ጪሰኛ ሆነ። ጪሰኛው እንደ ውሉ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ ይሰጣል፤ በዓል ሲመጣ መታያ ይዞ ይሄዳል፤ ባለ መሬቱ በወደደ ጊዜም ከመሬቱ ይነሣል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንዲህ ያለውን ኑሮ በደንብ ይገልጸዋል።

ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አርሲ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ተደራጀ። ጭላሎ፥ ጢቾና አርባ ጉጉ የሚባሉ ሦስት አውራጃዎች ነበሩት። ቀድሞ ዋና ከተማነቱ የጢቾ ነበረ፤ በኋላ ግን ወደ አሰላ ተዛወረ። አሰላ ለአዳማና ለአዲስ አበባ መንገድ የቀረበች ስለ ሆነች የአስተዳደሩም የንግዱም ማዕከል ሆነች። ኦሮሞው፥ ከሸዋ የመጣው አማራና ነጋዴው ጉራጌ ጐን ለጐን የሚኖሩባት፥ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ የሚተያዩባት ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የከተማይቱ ነዋሪ ከ67,000 በላይ፥ የአርሲ ዞን ሕዝብ ደግሞ ከ2,600,000 በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

የካዱ ዘመን

የአርሲን ስም በዓለም የልማት ሊቃውንት ዘንድ ያሳወቀው በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት መካከል የተፈረመው ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሕዝቡ ግን በፈረንጅኛው ምሕጻር «ካዱ» ብሎ ጠራው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበረ። የካዱ ሐሳብ በዚያ ዘመን አዲስ ነበር። ይኸውም የትንሹን ገበሬ ኑሮ ለማሻሻል ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለየብቻው መላክ አይበቃም፤ ብድሩ፥ መንገዱ፥ ገበያው፥ የከብት ሕክምናው፥ የንጹሕ ውሃው ጕድጓድና የባልትና ትምህርቱ አንድ ላይ ተያይዘው ይምጡ የሚል ነው። የእርሻ ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ፤ አርአያ ገበሬዎች ተመርጠው በማሳቸው ላይ አዲሱ ዘር ለጎረቤት እንዲታይ ተደረገ። የአርሲ ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር ተዳቅላ ወተቷ እንዲጨምር ተሞከረ። በቁሉምሳም የስንዴና የገብስ ምርምር ተጀመረ።

ፍሬው ወዲያውኑ ታየ። በማዳበሪያ የተዘራው አዲሱ ስንዴ ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ምርት ሰጠ። ብድር የሚወስደው ገበሬ ቍጥር በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት መቶ ብቻ የነበረው በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዐሥር ሺሕ በላይ ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የደስታ ታሪክ ነው።

ነገር ግን ከጭላሎ ገበሬ ግማሽ ያህሉ ጪሰኛ ነበረ። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያየው ባለ መሬት ነገሩን በሌላ መንገድ አሰላው። ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ገበያውም ተገኝቷል፤ እንግዲህ እኩሌታውን ለጪሰኛ ከመተው መሬቱን ራሴ በመኪና ባሳርሰው ምን ይከለክለኛል? አለ። ከከተማም ገንዘብ ያለው ነጋዴና ሹም መሬት እየተኮናተረ ወደ ሜዳው ወረደ። የመሬት ኪራይ ናረ፤ በሺሕ የሚቆጠር ጪሰኛም ቤቱን አፍርሶ፥ ከብቱን ነድቶ ለቀቀ። ትንሹን ገበሬ ለመርዳት የታሰበው ዕቅድ በአንዳንድ ቦታ ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ ነቀለው።

አድማጮቼ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለን ማስተዋል ይገባናል። የካዱ ባለሙያዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ችግሩን ራሳቸው አጥንተው ጻፉት፤ ለብድሩም ትልልቅ ባለ መሬቶችን የሚከለክል ወሰን አበጁለት። የስዊድን ወገንም የጪሰኛና የባለ መሬት ግንኙነት በሕግ እንዲወሰን ደጋግሞ ጠየቀ። ሕጉ ተረቅቆ ለፓርላማ ቢቀርብም፥ በፓርላማው የተቀመጡት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለ መሬቶች ስለ ነበሩ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲሰለፉ ብዙ የከተማ ሰው የወጣቶች ጩኸት መስሎት ነበር፤ የጭላሎ ማሳ ግን ጥያቄው ከተማሪ አፍ ያለፈ መሆኑን አስረዳ።

ይህ ዕጣ የአርሲ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት እንደ አርሲ የስንዴ አገር ነው፤ ስፋቱና ሀብቱ ግን እጅግ የበለጠ ነው። እዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 በወጣ ሕግ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰ ሰው 160 ኤከር፥ ማለት 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጠው ጀመር። በ1874 ከሩስያ የፈለሱ ገበሬዎች ይዘውት የመጡት የክረምት ስንዴ ካንሳስን የዳቦ አገር አደረገው። አራሹ የመሬቱ ጌታ ስለ ነበረ ለማሻሻል ተጋ። ይሁን እንጂ ያ መሬት አስቀድሞ የአገሩ ተወላጅ ሕንዶች የነበረና እነርሱም የተገፉበት ነው። ስለዚህ የስንዴ አገር ታሪክ በሁለቱም ቦታ ሁለት ገጽ አለው፤ በአንዱ ገጽ ክምሩ ይጻፋል፥ በሌላው ገጽ ደግሞ መሬቱን የለቀቀው ሰው።

ከመሬት አዋጁ ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ጪሰኛነት ተሻረ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ 800 ሄክታር ያህል መሬት እየያዙ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። በአርሲ አዋጁ በታላቅ ደስታ እንደ ተቀበሉት ያለፈውን ያነበበ ሰው አያጠራጥረውም። ካዱም ሥራው ጠቅላላውን አርሲ እንዲያዳርስ ተደርጎ «አርዱ» ተባለ።

ሆኖም ከባለ መሬቱ ቀንበር የተላቀቀው ገበሬ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሸክም ተጫነበት። ከምርቱ የተወሰነውን መጠን መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። ትልልቆቹ የስንዴ ሜዳዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ ገበሬውም በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገባ ይገፋፋ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ አርሲ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በስፋት ከተካሄደባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነበር፤ ገበሬው ከማሳውና ከከብቱ ግጦሽ ርቆ በተሰለፈ መንደር እንዲሰፍር ሆነ። በ1982 ዓ.ም. የካቲት ወር መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት ወዲያው ፈረሱ፤ በመንደር ከሰፈረውም ብዙው ሰው ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። አንድ ነገር ሰው ወድዶት ይኑር ተገድዶ የሚታወቀው ግዴታው በተነሣ ማግስት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አርሲ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ዞን ሆነ፤ ቆይቶም ምዕራብ አርሲ ተለይቶ ሻሸመኔ ዋና ከተማው ሆነች። ገበሬው የእህሉ ጌታ ሆነ፤ መሬቱ ግን ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የያዘው ማሳ በልጆቹ መካከል እየተከፋፈለ ጠቧል። በሜዳው ላይ ዛሬ የሚታየው ልዩ ነገር ኮምባይነር ነው፤ ብዙ ትንንሽ ገበሬዎች ማሳቸውን አገጣጥመው በኪራይ ያሳጭዳሉ። የቀድሞው ትራክተር ጪሰኛውን ያባረረ መሣሪያ ነበር፤ የዛሬው መኪና ግን በትንሹ ገበሬ ማሳ ላይ በትንሹ ገበሬ ገንዘብ ይሠራል። መኪናው ያው ብረት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የመሬቱ ይዞታ ነው።

ስለ ዘር

አሁን ደግሞ ወደ ዘሩ እንመለስ። ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የራሷ ልዩ ልዩ ስንዴና ገብስ ያላት አገር ናት። ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ ብዙ ዓይነት ዘር ሰብስቦ ሄዷል። ከአገራችን የተወሰደ ገብስም በካሊፎርኒያ የገብስን ሰብል ከሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ለማዳን እንደ ረዳ የታወቀ ነው። ዘራችን ለሌላው መድኃኒት ሆኗል ማለት ነው።

በአርሲ የተስፋፋው የዳቦ ስንዴ ግን አብዛኛው ዘሩ ከሜክሲኮው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል የመነጨ ነው። ግንዱ አጭር ስለ ሆነ ማዳበሪያ ሲበዛበት አይወድቅም፤ ምርቱም ብዙ ነው። በቁሉምሳና በሌሎች ጣቢያዎች እየተፈተነ ለገበሬ ከተለቀቀው መካከል ኩብሳና ጋላማ የተባሉት በ1980ዎቹ መጨረሻ ወጥተው በሰፊው ተዘሩ። ገበሬው አንዱን ዘር ከወደደው ሁሉም ያንኑ ይዘራል፤ በሽታ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ በአገሪቱ በተነሣ ጊዜ ኩብሳና ጋላማ እጅግ ተጎዱ። ከዚያ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲጋሉ ዘር ፊቱን አዞረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ በአርሲና በባሌ ይህንኑ ዲጋሉን መታ፤ በሺሕ የሚቆጠር ሄክታር ማሳ ተበላሸ። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ ስለ ሆነ ወሰን አያግደውም፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያማረውን ማሳ ባዶ ገለባ ሊያደርገው ይችላል።

የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ሥራ ከዚህ የተነሣ የማያቋርጥ ሩጫ ነው። አንድ ዘር ለመውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በሽታው ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ሊሽረው ይችላል። የተሻለው መከላከያ ልዩ ልዩ ዘር በየማሳው መዝራትና የጥንቱን ዘር ጠብቆ ማቆየት ነው። በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ያን ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ኢንዱስትሪና ሌላ ዝና

ከገብሱ የተነሣ በአሰላ የብቅል ፋብሪካ በ1970ዎቹ ሥራ ጀመረ። የደጋው ገበሬ ለቢራ የሚሆን ገብስ እያመረተ ለፋብሪካው ያቀርባል፤ ቀድሞ ለቆሎና ለበሶ ብቻ ይውል የነበረው ሰብል የገንዘብ ሰብል ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ገደማም የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በአሰላ ራሱን ችሎ ተቋቁሟል።

አርሲን በዓለም ፊት ያስጠራው ግን ስንዴው ሳይሆን የልጆቹ እግር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ከአሰላ በስተ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ቦቆጂ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፥ ፋጡማ ሮባን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አስገኝታለች። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር በማሸነፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ ፋጡማም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በማራቶን ድል አደረገች። የከፍታው ስስ አየር ሳንባን እንደሚያጠነክር ሐኪሞች ይናገራሉ። ኃይሌ ራሱ ደግሞ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ዐሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ እንደ ነበር ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ይህን ስንሰማ ሩጫውን ከማድነቅ ጋር የመንገዱንና የትምህርት ቤቱን ርቀትም ማሰብ ተገቢ ነው።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ አድማጮች፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ዕቅድ እንጽፋለን፥ መመሪያ እናረቃለን፥ ደብዳቤ እንፈርማለን። የአርሲ ታሪክ ለእኛ የተጻፈ ትምህርት ነው። የካዱ ዕቅድ በወረቀት ላይ መልካም ነበር፤ የማዳበሪያው ስሌት ትክክል ነበር፤ ዘሩም ጥሩ ነበር። የጎደለው ነገር ቢኖር «በዚህ ማሳ ላይ ምርት ቢጨምር ማን ይወስደዋል?» የሚለው ጥያቄ ከመልሱ ጋር አስቀድሞ አለመቀመጡ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው አስተዳደር መሬቱን ለአራሹ ሰጠ፤ ነገር ግን «እህሉንስ በስንት ይሸጥ? የትስ ይኑር?» የሚለውን ራሱን ገበሬውን ሳይጠይቅ ወሰነ። ዋጋውንም ገበሬውም አገሩም ከፈሉት። የዲጋሉ ነገር ደግሞ ሁሉም በአንድ ነገር ላይ ሲደገፍ ውድቀቱም አንድ ላይ እንደሚመጣ ያስረዳል።

እንግዲህ ወደ ፊት ስለ ስንዴ፥ ስለ መሬት ወይም ስለ ገጠር ኑሮ የሚመለከት ፋይል በጠረጴዛችን ላይ በቀረበ ጊዜ፥ ቍጥሩን ከመደመራችን በፊት ቁጥሩ የቆመለትን ሰው እንጠይቅ፤ መሬቱን በምን ውል እንደያዘ፥ ዘሩን ከየት እንዳገኘ፥ እህሉንም በማን ዋጋ እንደሚሸጥ እንወቅ። የጭላሎ ዝናብ በየዓመቱ ሳይጠየቅ ይወርዳል፤ የቀረው ሥራ የእኛ ነው።